ባለቤት ያጣ ተቃውሞ

ወር በገባ በ24 ተክለ ሃይማኖት በሰው ይሞላል። ገና ጎህ ሳይቀድ ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ከታክሲ እየወረዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያመራሉ። ብዙዎቹ የአካባቢው ነዋሪዎች አይደሉም። ከጀሞ፣ ከገላን፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶና ከኮዬ ፈቼ ኮንዶሚኒየሞች በሌሊት ተነሥተው፣ ታክሲ ቀያይረው የመጡ ናቸው። ቅዳሴው ካለቀ በኋላም ቶሎ አይበተኑም። አጥሩ ጥግ ቆመው ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ እንደተዳረ፣ የማን ሙት ዓመት እንደደረሰ ይጠያየቃሉ። የዕድር መዋጯቸውን ለመክፈል ጎራ የሚሉም አሉ። ቤታቸው ከፈረሰ ዓመታት ቢያልፉም ስማቸውን ከዕድሩ መዝገብ አላስፋቁም።

እነዚህ ሰዎች በከተማዋ ቋንቋ «የልማት ተነሺ» ይባላሉ። የኖሩባቸው ቤቶች ሊፈርሱ ሲሉ ዝም ብለው የወጡ አይደሉም። በየጊዜው በሚፈርሱ ሰፈሮች ሰው በስብሰባ እጁን አውጥቶ ይናገራል፣ ፊርማ ያሰባስባል፣ ማመልከቻ ይዞ ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ ይመላለሳል። ተቃውሞ ጠፍቶ አያውቅም። ነገር ግን ቤቱን ሲያድን የታየው ከስንት አንዴ ነው። ለምን? ይህ ዘገባ በተክለ ሃይማኖትና በልደታ በኩል አድርጎ መልሱን ይፈልጋል።

ቤቱን ቀረብ ብሎ ማየት

ተክለ ሃይማኖት በመርካቶ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና በልደታ መሐል የተቀመጠ ሰፈር ነው። በአንድ በኩል ሱማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫውን አስፋልት ዳር ድረስ ዘርግቷል። በሌላ በኩል ቀና ሲሉ የሰንጋ ተራ የባንክ ሕንፃዎች ይታያሉ። ከእነዚህ መካከል በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በሁለቱ መካከል የቀረው አሮጌው ከተማ ነው፤ ባለ ቆርቆሮ፣ ባለ ጭቃ ግድግዳ፣ ባለ እንጨት በረንዳ።

በዚህ አካባቢም ሆነ በአራዳ ዙሪያ የቀሩትን የጥንት መኳንንትና ነጋዴዎች ቤቶች መለየት አስቸጋሪ አይደለም። ምድር ቤቱ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት ከአንድ ክንድ ይበልጣል። ፎቁ በእንጨት ተዋቅሮ፣ ተማግሮ፣ በጭድ በተቦካ ጭቃ ተመርጓል። በረንዳው ዙሪያውን ይከበዋል። ደረጃው ብዙ ጊዜ ከውጭ ነው የሚወጣው። የበረንዳው መከታ በመጋዝ ተፈልፍሎ ጌጥ ወጥቶለታል፤ የጣሪያው ክፈፍም እንደ ቀሚስ ጥለት ዙሪያውን ይወርዳል።

የደረጃው መርገጫ መሐሉ በእግር ብዛት ሰርጉዷል። መከታው ከመቶ ዓመት በላይ መዳፍ ስላሸው ለስላሳ ነው። በረንዳው ላይ የከሰል ምድጃ፣ የውኃ ጀሪካንና የልብስ ገመድ አለ። እልፍኝ የነበረው ክፍል በኮምፔንሳቶ ተከፋፍሎ ብዙ አባወራ ይኖርበታል። የአቡጀዲው ኮርኒስ ዝናብ ባስገባበት በኩል ቢጫ ሆኖ ረግቧል። ቆጣሪው አንድ፣ ቧንቧው አንድ፣ መጸዳጃው የጋራ ነው። ከመንገድ ሆኖ ፎቶ ለሚያነሣው ሰው ይህ ቤት ታሪክ ነው። ማታ ማታ ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ባልዲ ለምትደቅነው እናት ደግሞ በየክረምቱ የሚያሳስባት መኖሪያ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ስለ አሮጌ ቤት የሚነሣ ክርክር ሁሉ ሁለቱን እውነቶች አብሮ መያዝ አለበት።

ከእልፍኝ ወደ ቀበሌ ቤት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ያደገችው በሰፈር በሰፈር ነው። መኳንንቱ በተሰጣቸው ቦታ ላይ ግቢያቸውን ሠሩ፤ ጭፍሮቻቸው፣ አገልጋዮቻቸውና የእጅ ባለሙያዎቻቸው በዙሪያቸው ሰፈሩ። የዚያ አሰፋፈር አሻራ ዛሬም በቦታ ስም ይነገራል። በዚህ አካባቢ የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ አባ መላ፣ በድልድይ ስም ይታወሳሉ። የዓድዋው ጀግና ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ አባ ነፍሶ፣ በልደታው ሆስፒታል ስም ይጠራሉ። የከተማ ቦታ በግል እንዲያዝ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ከፈቀዱ በኋላ ደግሞ ቋሚ ቤት መሥራት ተስፋፋ። የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ባለሙያዎች ከአገሬው አናጢና ግንበኛ ጋር ሠሩ። ከውጭ የገባው ቆርቆሮና መጋዝ ከአገሬው ድንጋይ፣ ጥድና ጭቃ ጋር ተገናኝቶ አዲስ አበባ የራሷ የሆነ የቤት መልክ አገኘች። ያን መልክ አርክቴክቱ ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒስ ጄራር ጋር ባሳተሙት፣ ከ1886 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ያለውን የከተማዋን የሥነ ሕንፃ ቅርስ በሚያሳየው መጽሐፍ በሚገባ መዝግበውታል።

የእነዚህ ቤቶች ዕጣ በአንድ ቀን ተለወጠ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ተሰጡ። ትልልቆቹ ግቢዎች ተከፋፈሉ። እልፍኙ ለአንዱ፣ እቃ ቤቱ ለሌላው፣ የሎሌዎቹ ማደሪያ ለሦስተኛው ሆነ። አንዳንዱ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ አንዳንዱ ሸማቾች ሱቅ፣ አንዳንዱ መዋዕለ ሕፃናት ሆነ።

አዋጁ ለብዙ ቤት አልባ ጣሪያ ሰጥቷል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ቤቱን ግን ባለቤት አሳጣው። ተከራዩ በጥቂት ብር ኪራይ ይኖራል፤ ቤቱ የእሱ ስላልሆነ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ አያድሰውም፤ ላድስ ቢልም ፈቃድ ያስፈልገዋል። አከራዩ መንግሥት ደግሞ ከሚሰበስበው ኪራይ የጣሪያ ሚስማር እንኳ አይወጣም። እንዲህ ሆኖ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሲያልፍ ቤቱ ጎበጠ። ከዚያ አንድ ቀን ባለሙያ መጥቶ «አርጅቷል፣ ለኑሮ አይመችም» ብሎ ይጽፋል። ለእርጅናው ተጠያቂ የሆነ አካል ግን በዚያ ወረቀት ላይ አይጠቀስም።

ሁለት ጠበቆች

አሮጌ ቤት ሊፈርስ ነው ሲባል ሁለት ዓይነት ሰው ይቆጣል። አንደኛው የግድግዳው ጠበቃ ነው፤ አርክቴክቱ፣ የታሪክ ምሁሩ፣ ፎቶ አንሺው፣ የከተማዋ ወዳጅ። የሚከራከረው ስለ ዕድሜው፣ ስለ አሠራሩ፣ በቤቱ ስለኖረው ሰው ነው። ሁለተኛው የጉርብትናው ጠበቃ ነው። እሱ የሚከራከረው ስለ ዕድሩ፣ ስለ ዕቁቡ፣ ስለ ልጁ ትምህርት ቤት፣ በረንዳው ላይ ስለሚሸጠው እንጀራ፣ በእግሩ ስለሚሄድበት መርካቶ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው አባባል ለእሱ የዕለት ኑሮው ነው። ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ጥቁር አንበሳ የሚያደርሳት፣ ሬሳ ሲነሣ ድንኳን የሚተክለው፣ የጡረታ ብሩ ለዘገየበት አዛውንት ሽሮ የሚያበድረው ጎረቤት ነው።

የሁለቱ ተቃውሞ አንድ ቤት ላይ ቢያርፍም ብዙ ጊዜ አይገናኙም። የግድግዳው ጠበቃ አንዳንዴ ነዋሪውን ቤቱን ያጎሳቆለ አድርጎ ያያል። የጉርብትናው ጠበቃ ደግሞ ቅርስ የሚለውን ነገር በጥርጣሬ ይሰማል፤ ቤቱ ቅርስ ነው ከተባለ ሚስማር መምታት ይከለከላል፣ ጣሪያው ግን እንደሚያፈስ ይቀራል ብሎ ይሰጋል። ስጋቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ተመዝግበው ሳይታደሱ የፈራረሱ ቤቶችን አይቷል። አዲስ አፓርታማ የማይመኝም አይደለም። የግል መጸዳጃና የግል ቧንቧ ማግኘት የማንም ሰው መብት ነው። የሚቃወመው ከሰፈሩ ተነቅሎ መበተኑን ነው።

ይህ መለያየት ለአፍራሹ ይመቸዋል። ለባለሙያው «ነዋሪው ራሱ ይፍረስ ብሏል» ይባላል፤ ለነዋሪው ደግሞ «ይህ የምሁራን ቅንጦት ነው» ይባላል። ግድግዳውና ጉርብትናው ተነጣጥለው ከተሟገቱ ሁለቱም እንደሚሸነፉ ያለፉት ዓመታት በደንብ አሳይተዋል።

ከልደታ እስከ ፒያሳ

በ2001 ዓ.ም. ገደማ በልደታ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ወደ 26 ሄክታር የሚጠጋ ሰፈር ለመልሶ ማልማት ተነሣ። ቦታው ላይ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ቆሙ፤ ቀሪው መሬት ለሊዝ ቀረበ። ቀጥሎ ሰንጋ ተራ ተነሣ፤ በ40/60 የቁጠባ ቤቶች ፕሮግራም ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አፓርታማዎች መካከል በ2009 ዓ.ም. ዕጣ የወጣባቸው የሰንጋ ተራዎቹ ይገኙበታል። ዛሬ በልደታ ያሉትን ሕንፃዎች ያየ ሰው ከሥራቸው የነበረውን ሰፈር መገመት ይቸግረዋል።

በዚህ ዓይነቱ ሥራ የቀበሌ ቤት ተከራይ የነበረው ሰው የሚቀርብለት ምርጫ ሁለት ነበር፤ ወይ ቅድመ ክፍያ ከፍሎ ኮንዶሚኒየም መግባት፣ ወይ በሌላ ቦታ የቀበሌ ቤት መቀበል። የግል ባለ ይዞታው ካሳና ምትክ ቦታ ያገኝ ነበር። ካሳው የሚሰላው ለግንባታው ነበር፤ መሬቱ በሕገ መንግሥቱ መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ዋጋ አይወጣለትም። የጭቃ ግድግዳ በጭቃ ግድግዳ ዋጋ፣ ቆርቆሮው በቆርቆሮ ዋጋ ይታሰብ ነበር። የተፈለፈለው መከታ፣ የሰረጎደው ደረጃ፣ በዚያ እልፍኝ የተዳኘው ክርክር በስሌቱ ቦታ አልነበራቸውም። ዋጋ ያልወጣለትን ነገር ለማፍረስ ደግሞ ማንም አይጨነቅም።

በ2013 ዓ.ም. የደጃዝማች አስፋው ከበደ ታሪካዊ መኖሪያ ቤት ሲፈርስ የግድግዳው ጠበቆች ቁጣቸውን በአደባባይ ገለጹ። ቁጣው ትክክል ነበር፤ ግን ቤቱ ከወደቀ በኋላ ነበር የተሰማው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት ተመርቆ ብዙ ሳይቆይ በከተማው አስተዳደር የኮሪደር ልማት ሥራ ብዙው ፒያሳ ፈረሰ። ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ በዘፈንና በልቦለድ ሳይቀር የሚታወቁ ሰፈሮች በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆኑ። በቅርስነት የተመዘገቡ ቤቶች እንደማይነኩ ተነግሮ ነበር፤ የቆሙ ሕንፃዎችም አሉ። ነገር ግን በዙሪያቸው የነበረው ሰፈር ሲነሣ፣ የቀሩት ሕንፃዎች ጎረቤት አልባ ሆኑ። በዓመቱ ካዛንቺስ ተከተለ።

በተቃራኒው የተረፉትን ቤቶች እንመልከት። በመስቀል አደባባይ ያለው የራስ ብሩ ቤት የከተማዋን መቶኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆነ፤ ቆሟል። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ ቆሟል። እነዚህ ቤቶች ጣሪያቸው ቢያፈስ የሚጨነቅ፣ በየቀኑ በራቸውን የሚከፍትና የሚዘጋ ተጠያቂ ሰው ያላቸው ናቸው። ቤት የሚተርፈው ባለቤት ሲኖረው ነው።

ሌላም ትምህርት አለ። በ2005 ዓ.ም. የቀላል ባቡሩ መስመር በአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ሥር እንዲያልፍ ሲወሰን ሕዝቡ ተጨነቀ። ሐውልቱ ተነሥቶ እንደሚመለስ በይፋ ቃል ተገባ፤ ሥራው ሲያልቅም በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። ባቡሩም አልቀረም፣ ሐውልቱም አልጠፋም። ቃሉ የተጠበቀው ከቁፋሮው በፊት ስለተሰጠ፣ ሁሉም ሰው ስላወቀውና ስለተከታተለው ነው።

«አርጅቷል» የሚለው ፍርድ

አሮጌ ቤት እንዲፈርስ ከሚቀርቡት ምክንያቶች ተደጋግሞ የሚሰማው «ጭቃ ነው፣ ከእንግዲህ አይጠገንም» የሚለው ነው። ይህ ፍርድ ሲመረመር ብዙ አይቆምም።

የጭቃና የእንጨት ቤት ዋነኛ ጠላቱ ውኃ ነው። ከላይ ጣሪያው ሲያፈስ ውኃው በማገሩ ውስጥ ይወርዳል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይገባዋል። ከታች ደግሞ ከቆርቆሮው የሚወርደው ጠፈጠፍ መሬት ነጥሮ የግድግዳውን እግር ይበላዋል። ስለዚህ የጥንቶቹ ግንበኞች ሁለት ነገር አደረጉ፤ ጣሪያውን ከግድግዳው አስረዝመው በረንዳ ሠሩለት፣ የቤቱን እግር በድንጋይ ገነቡት። በረንዳው ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ለግድግዳው ጃንጥላ ነበር። በየዓመቱ ከክረምት በፊት ቆርቆሮ ማየት፣ የተሰነጠቀውን መምረግ፣ ኖራ መቀባት ልማድ ነበር። ቤቶቹን ከመቶ ዓመት በላይ ያቆማቸው ይህ ጥቃቅን ሥራ ነው።

በኋላ ጥገናው ተቋረጠ፤ ወይም በተሳሳተ መንገድ ተሠራ። ጭቃውን ለማጠንከር ተብሎ ከላይ ሲሚንቶ የተለሰነባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ጭቃና ኖራ እርጥበትን ይተነፍሳሉ፤ ሲሚንቶ አይተነፍስም። በስንጥቁ የገባው ውኃ ከውስጥ ታፍኖ ይቀርና ጭቃው ይላሽቃል፣ ልስኑም ከነቅርፊቱ ይወድቃል። ያን ጊዜ ተመልካቹ ጥፋቱን በጭቃው ያሳብባል። በረንዳው ላይ ክፍል ለመጨመር ሲባል በቆርቆሮ ሲዘጋ ደግሞ ግድግዳው ጃንጥላውን ያጣል።

ማዳኑም ተአምር አይጠይቅም። በመጀመሪያ ጣሪያው ይጠገናል፤ ጣሪያ ከሌለ ሌላው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ የዝናቡ ውኃ ከቤቱ እግር እንዲርቅ ቦይ ይቆፈራል። ከዚያ የበሰበሰው እንጨት በዓይነቱ ይተካል፣ ሲሚንቶው ተቀርፎ በጭቃና በኖራ ይለሰናል። ይህን የሚያውቁ አናጢዎችና መራጊዎች ዛሬም አሉ። ዕውቀቱን የሚያስተምረውም ተቋም ሩቅ አይደለም። በ1954 እ.ኤ.አ. በኢትዮ ስዊድን ትብብር የተመሠረተው፣ ሰዉ ሁሉ ሕንፃ ኮሌጅ ብሎ የሚጠራው የሥነ ሕንፃ ተቋም እዚያው ልደታ ውስጥ ነው። ከግቢው በእግር የሚደረስባቸው ሰፈሮች ሲፈርሱ ተማሪዎቹ የመለኪያ ሜትራቸውን ይዘው ቀድመው መድረስ ይችላሉ፤ ሊደርሱም ይገባል።

ሕጉና ወንበሩ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 የባህልና የታሪክ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑን ይደነግጋል። አንቀጽ 91 ይህን ግዴታ በዜጎችም ላይ ይጥላል። አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የሚመለከቱና ሕዝቡን በቀጥታ የሚነኩ ፕሮጀክቶች ሲታቀዱም ሲፈጸሙም ሕዝቡ ይመክርባቸዋል ይላል። ከዚህ በታች ቅርስ የሚመዘገብበትንና የሚጠበቅበትን ሥርዓት የዘረጋው አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። በፌዴራል ደረጃ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ በከተማው ደግሞ የባህልና የቱሪዝም ቢሮ አለ።

ሕግ ካለ ተቃውሞው ለምን አቅም ያጣል? ምክንያቱ የተሰለፉትን ወገኖች ስንቆጥር ይገለጣል። መሬቱን የሚያስተዳድረው መንግሥት ነው። የቀበሌ ቤቱ አከራይ መንግሥት ነው። ቅርሱን የሚመዘግበው መንግሥት ነው። ሰፈሩን የሚያፈርሰውና ቦታውን በሊዝ የሚያስተላልፈውም መንግሥት ነው። አንዱ እጅ የመዘገበውን ሌላው እጅ ሊያፈርሰው ሲነሣ፣ ከውጭ ቆሞ በመብት የሚጠይቅ ባለጉዳይ የለም። ተከራዩ የቤቱ ባለቤት አይደለም። የቀድሞው ባለቤት ወራሽ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ መብት የለውም። ባለሙያው ዕውቀት አለው፣ ጉዳዩ ግን «አይመለከትህም» ይባላል። ዕድሩ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ስለ ቤቱ ሲወሰን ግን የሚጠራው የለም።

በዚህ ምክንያት ተቃውሞው የሚጀምረው የማፍረሻው ምልክት፣ ቀይ ቀለም፣ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ነው። ያን ጊዜ ካርታው ተሠርቷል፣ ቦታው ለአልሚ ታጭቷል፣ በጀቱ ተይዟል። የቀረው ጥያቄ መቼ ትወጣላችሁ የሚል ብቻ ነው። በዚህ ሰዓት የሚደረግ ስብሰባ ምክክር ሊባል አይችልም፤ ማስታወቂያ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ለቅርስ ግድ የለውም የሚሉ ተሳስተዋል። ሰዉ ግድ አለው። የጎደለው ግዱ የሚደመጥበት ጊዜና ቦታ ነው።

ሌሎች ከተሞች እንዴት አደረጉት?

ኒውዮርክ ትምህርቱን በጉዳት ነው ያገኘችው። ግዙፉ የፔንሲልቬኒያ ባቡር ጣቢያ ሊፈርስ ሲል አርክቴክቶች በ1962 እ.ኤ.አ. ጣቢያው ደጃፍ ተሰልፈው ተቃወሙ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን መፍረስ ጀመረ። ቁጭቱ አልባከነም። በ1965 እ.ኤ.አ. ከተማዋ የቅርስ ሕንፃዎችን ከመፍረስ የሚያግድ ሕግ አወጣች። የግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ባለቤቶች በላዩ ላይ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ካልሠራን ብለው ሲከሱም ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ1978 እ.ኤ.አ. ለከተማዋ ፈረደ። አሮጌውን ሕንፃ የጠበቀ ባለቤት ግን ባዶ እጁን አልቀረም። በራሱ ቦታ ላይ ወደ ላይ ያልሠራውን ፎቅ የመሥራት መብት ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ መሸጥ ይችላል። እንዲህ ያለው አሠራር ለአዲስ አበባም ይጠቅማል፤ አልሚው በአሮጌው ቤት ላይ የሚያጣው ፎቅ በሌላ ቦታ ሊሰጠው ይችላል።

ወደ ቅርባችን ስንመጣ አሥመራ የከተማዋን እምብርት ከልላ በመጠበቋ በ2017 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። ሐረር ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. ስትመዘገብ ቅርስ የተባለው ግንቡ ብቻ አልነበረም፤ በውስጡ ሰው የሚኖርበት፣ መደቡ የሚነጠፍበት፣ በሩ የሚንኳኳበት የሐረሪ ቤት ጭምር ነው። ግድግዳና ጉርብትና አብረው እንደሚጠበቁ ከሐረር የተሻለ ምስክር ከወዴት ይመጣል?

ምን ይደረግ?

አዲስ አበባ ቤት ያስፈልጋታል። ሕዝቧ ይጨምራል፣ የመሐል ከተማ መሬትም በአንድ ፎቅ የቆርቆሮ ቤት ተሸፍኖ እንዲቀር የሚከራከር ሰው እውነታውን አላየም። የአፓርታማ መሠራት መቃወም የሚገባ ነገር አይደለም። መቃወም የሚገባው አፓርታማ ለመሥራት ሁሉንም ነገር መጥረግ ግድ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ነው። በአንድ ሄክታር ቦታ ላይ የሚቀሩት የታሪክ ቤቶች ከጥቂት አይበልጡም። እነሱን መሐል አድርጎ፣ ዙሪያውን ወደ ላይ መሥራት የሥነ ሕንፃ ተማሪ የሚፈታው ጥያቄ ነው።

ለዚህ አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው፣ በየወረዳው ያሉ የታሪክ ቤቶች ዝርዝር ከነፎቶግራፉ በወረዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሰዉ የማያውቀው መዝገብ የማንንም ቤት አያድንም። ሁለተኛው፣ ማንኛውም ሰፈር ለመልሶ ማልማት ሲታጭ ካርታው ከመሠራቱ በፊት ማስታወቂያ በየቤቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ ውይይቱም ከዕድሮችና ከባለሙያዎች ጋር በአንድ ጉባኤ ይደረግ፤ የተነሣው ተቃውሞና የተሰጠው መልስ በጽሑፍ ይውጣ። ሦስተኛው፣ ቦታው በሊዝ ሲተላለፍ የታሪክ ቤቱን ማደስ በውሉ ውስጥ የአልሚው ግዴታ ሆኖ ይግባ። ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ክሊኒክ፣ ቡና ቤት ወይም የዕድሩ አዳራሽ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር በየቀኑ የሚከፍተው ሰው መኖሩ ነው። አራተኛው፣ ከሚሠሩት አፓርታማዎች የተወሰነው በዚያው ቦታ ለነበሩት ነዋሪዎች በሚችሉት ክፍያ ይሰጥ። ሰዎቹ ከተበተኑ በኋላ የተረፈው ቤት ታሪኩን የሚነግርለት ሰው አያገኝም።

ባለሙያውም ነዋሪውም የየድርሻቸው አለ። የሥነ ሕንፃ ባለሙያው ቁጣውን ከማኅበራዊ ሚዲያ አውጥቶ ወደ ዕድሩ ስብሰባ ይውሰደው፤ ስለ በረንዳው ብቻ ሳይሆን ስለ መጸዳጃውም መፍትሔ ይዞ ይምጣ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ አዛውንቶቹ የሚያውቁትን ይመዝግብ፤ ይህን ቤት ማን አሠራው፣ ማን ኖረበት፣ በጠላት ወረራ ዘመን ምን ሆነ፣ በደርግ ጊዜ ለምን አገለገለ? ያለ ታሪክ የቀረበ ማመልከቻ ልመና ይመስላል፤ በታሪክና በፎቶግራፍ የተደገፈ ማመልከቻ ግን ማስረጃ ነው።

የልደታ ሰፈር ሲፈርስ እነዚህ ሁለት ጠበቆች አልተገናኙም ነበር። ፒያሳ ላይ ተገናኙ፣ ግን ዘገዩ። በተክለ ሃይማኖትና ገና ባልፈረሱ ሰፈሮች ግን ጊዜ አለ። በሚቀጥለው የመልሶ ማልማት ዕቅድ ላይ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የነዋሪው ስምና የቤቱ ስም አብረው ይጻፉ። ከዚያ በኋላ የሚነሣው ተቃውሞ ባለቤት ይኖረዋል፤ ባለቤት ያለው ተቃውሞ ደግሞ መልስ የማግኘት መብት አለው።